ከልጣጭ የተሠራ አፈር

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኩንዳይ እናት በሆዷ ይዛው የኖረችው የአንድ ጭልፋ ነገር ነው። አማቷ የሞቱ ለት ግቢው በለቀስተኛ ሞልቶ፣ እሷ ከንጋት ጀምራ በትልቅ ብረት ድስት የበቆሎ ገንፎ ስታማስል ውላ፣ እጇ ውሃ ቋጥሮ፣ ጢሱ ዓይኗን አቅልቶት፣ ልክ ለእንግዳ ሊወጣ ሲል የባሏ ታላቅ እህት ቴቴ ኦቲሊያ መጣችና ጭልፋውን ከእጇ ወሰደችው። አልቀማቻትም፤ ቀስ ብላ፣ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወሰድ ነው የወሰደችው። ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ እጅ ጠዋት ማታ ቆሻሻ ሲዝቅ ነው የሚውለው፤ ለእንግዳ ሌላ ሰው ያውጣ» አለች። ሰው ሳቀ። ለቅሶ ላይ ሰው ለመሳቅ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ምራት የአማቷን ለቅሶ ገንፎ በገዛ እጇ ካላወጣች ምኑን ምራት ሆነችው? የኩንዳይ እናት ወደ ጓሮ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ሁለቴ በሳሙና፣ አንዴ በአመድ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለማንም አላነሳችም፤ ለባሏም፣ ሙታሬ ከተማ አግብታ ለምትኖረው ልጇ ለኩንዳይም። የሚገርመው፣ ያን ቀን ገንፎው የተበላበት ጎመን ያው እሷ ከምትዝቀው ቆሻሻ የበቀለ ነበር። ሰው ጣቱን እየላሰ ነው የበላው።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ለቁርስ የሚሆን ስኳር ድንች ትልጥ ነበር። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚወጣው። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ስለሆነ ሻዩ የተጣደው በጋዝ ነው። ከበሩ ኋላ ክዳን ያለው አሮጌ የቀለም ባልዲ አለ፤ ልጣጩ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። የሙዝ ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የሻይ ዝቃጭ፣ በጠርሙስ የተዳመጠ የእንቁላል ቅርፊት። ዘይትና ጨው የነካው ነገር አይገባም፤ አይጥ ይጠራል። ቴቴ ኦቲሊያ ሳሎን ተቀምጣ ስልክ ታወራለች። ቴቴ ስልክ ስታወራ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ሰው ነው፤ የሷን ምስጢር ለመስማት ጆሮ መጣል አያስፈልግም፤ ራሱ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል።

«አፈሩማ ጥቁር ነው ስልህ!» ትላለች። «እንደ ኬክ እጅህ ላይ ነው የሚፈረፈረው። እነዚያ ሀብታሞች ለሣራቸው ይሻሙበታል። አንድ መኪና ይወጣዋል። አርባ ዶላር፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አልወርድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናህን ይዘህ ና።» ዝም ብላ አዳመጠች። «የማን ነው? የማን ነው ማለት ምን ማለት ነው! በአባታችን ግቢ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የኛ ነው።»

የኩንዳይ እናት ቢላዋ ቆመ። በቤቱ ውስጥ ጥቁር የሚባል አፈር ያለበት አንድ ቦታ ነው፤ ጓሮ፣ ከመታጠቢያው ግድግዳ እስከ ኋላ አጥር፣ ርዝመቱ አምስት እርምጃ፣ ስፋቱ ሦስት። ሌላው ግቢ ፊት ለፊት ያለው የተጠረገ ደረቅ መሬት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቅጠል እስኪታጣበት ድረስ የሚጠረግ። በግራና በቀኝ ደግሞ ቴቴ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርታበት ፍየል እንኳ ከጓሮ ወደ ፊት ለመምጣት ወገቧን ታጥፋለች።

ያ ጓሮ መጀመሪያ አፈር አልነበረም። የቤቱ ግንበኞች የተሰበረ ጡብና የሲሚንቶ ትርፍራፊ ደፍተውበት የሄዱት፣ ሥሩ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቢጫ መሬት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዱባ ተከለችበት፤ ዱባው ሁለት ቅጠል አውጥቶ በሦስተኛው ተጸጸተ። ማዳበሪያ ልትገዛ ሱቅ ሄደች። ሃምሳ ኪሎው ሠላሳ ስምንት ዶላር ነው አሏት። እሷ የያዘችው ሦስት ዶላር ነበር፤ በሁለቱ ጨው ገዛችና ዝርዝር ስላልነበራቸው መልሱን በከረሜላ ሰጧት። ከረሜላውን እየመጠጠች ቤቷ ስትገባ ነው የልጣጩን ባልዲ ያየችው። ያኔ አታውቅበትም ነበር። ትኩሱን ልጣጭ በቀጥታ ከጎመኑ ሥር ቀበረችው። በሳምንቱ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ተቃጠለ፣ አይጥ መጣ፣ ቴቴም መጥታ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ባል ያጣች ሴት ጠንቋይ ጋ ትሄዳለች፤ የኛዋ ባል አላት፣ ቆሻሻ ጋ ትሄዳለች» ብላ ለተከራይ ሁሉ አወራች። የኩንዳይ እናት ግን ግትር ናት። እናቷ «ይቺ ልጅ ከበቅሎ ጋር ብትጣላ በቅሎዋ ናት ይቅርታ የምትጠይቀው» ትላት ነበር። ልጣጩን ለብቻው ከመረችው፤ በላዩ ደረቅ ሣር፣ በላዩ አመድ፣ እንደገና ልጣጭ። ሲደርቅ ውሃ አርከፈከፈችበት፣ ሲሸት ገለበጠችው። አንድ ቀን በብርድ ጠዋት ስትገልጠው እንደ ገንፎ ተነነ። እጇን ከተተችበት፤ ሞቃት ነው። ያን ለት የምትነግረው ሰው ስላጣች ለራሷ ሳቀች። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሄደ። ጎረቤት ሁሉ ልጣጩን በፌስታል አንጠልጥሎ ያመጣላት ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ያለችው የፓናሼ እናት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቅቅል እንቁላል ስለምትሸጥ ቅርፊቱን በከረጢት ትልክላታለች። አሁን አካፋው እጀታው ድረስ ሲገባ ጡብ አይነካም። ትሉ እንደ ጣት ይወፍራል። ይህ ቤት በገንፎው ላይ ጎመን አጥቶ አያውቅም፤ ማንም ግን ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ቢላውን አስቀምጣ ባሏ ጋ ወጣች። ናይሰን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። መልካም ሰው ነው፤ መልካምነቱ ግን ዝምታ ነው። ከእህቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በቀን አሥር ቃል አይነጋገሩም፤ አሥሩም የሷ ናቸው።

«እህትህ አፈሬን ሸጠችው» አለችው።

መርፌውን ከጫማው ሳያወጣ አያት። «የቱን አፈር?»

«ስንት አፈር አለን?»

ክሩን ሳበ፣ ቋጨ፣ በጥርሱ በጠሰው። «እንግዲህ ቤቱ በአባታችን ስም ነው። ወረቀቱም እሷ ጋ ነው። እትዬ ካለች...»

«እኔ ቤቱን ጠየቅኩ? አፈሩን ነው ያልኩህ።»

«ቤትና አፈር ምን ይለያቸዋል?» አለ ናይሰን፤ የምሩን ነው የጠየቀው። የኩንዳይ እናት አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች፣ በቀን በቀን ከዚያ አፈር ያጎረሰችው ሰው ነው። ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣላትም። ትታው ገባች።

ሳሎን ውስጥ ቴቴ የማኅበሯን ቀይ ሸሚዝ ለብሳ ነጩን ቆብ በመስተዋት ታስተካክላለች። ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን የእናቶች ማኅበር ቀን ነው። ሳሎኑ የቴቴ ሀገር ነው፤ ዳንቴል የለበሱ ሶፋዎች፣ ማንም በልቶባቸው የማያውቅ ሳህኖች የተደረደሩበት ቁም ሣጥን፣ የአማትየው ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቀይ የሲሚንቶ ወለል። ወለሉን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም የምታሸው የኩንዳይ እናት ናት፤ በጉልበቷ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ዛሬም ወጉ ነውና ተንበረከከች፣ መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ቀስ ብላ አጨበጨበችና፣ «ቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስለ ጓሮው አፈር ነው» አለች።

«ሰማሽ እንዴ? ታዲያ ደስ አይልሽም?» አለች ቴቴ ቆቡን ሳትለቅ። «ቆሻሻሽን የሚያነሳልን ሰው ተገኘ። እንደውም ልትመርቂኝ በተገባ።»

«ቆሻሻ ከሆነ አርባ ዶላር ለምን ያወጣል?»

ቴቴ ዞር አለች። ምራቷ ጥያቄን በጥያቄ ስትመልስ ሰምታ አታውቅም። «ብሩ ለጉባኤ መሄጃ ነው። ቡላዋዮ ላይ ሌሎቹ እናቶች በአዲስ ልብስ ሲቆሙ የዚህ ቤት ልጅ በአሮጌ ትቁም? መሬቱ የአባቴ ነው። መሬቱ ላይ ያለው የአባቴ ነው። ምራት በመሬት ጉዳይ አትናገርም፤ ባሕላችን ነው።»

ባሕል የሚለው ቃል በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል ነው። ቴቴ እሱን ካለች ናይሰን ወደ ጫማው፣ ተከራዮቹ ወደ ክፍላቸው፣ የኩንዳይ እናት ወደ ወጥ ቤቷ ትገባለች። ዛሬ ግን አልተነሳችም። እናቷን አስታወሰች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቷ የሞተ ዓመት አጎቶቿ ንብረት ሊካፈሉ መጥተው ፍየሎቹን በገመድ አሰልፈው ሳለ፣ አንደኛው እናቷ በማሰሮ ሽያጭ የገዛቻቸውን ሁለት ፍየሎች ሊፈታ እጁን ሲሰድ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ምርኩዛቸውን ገመዱ ላይ አሳርፈው፣ «ተው፤ ይሄ የእጇ ነው» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም። ሰውዬው እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ሴት በእጇ ያፈራችውን የባል ዘመድ አይነካም። የነካ እንደሆነ የሴቲቱ የናት ወገን ሙታን ይጠይቁታል፤ ልጁ ይታመማል፣ ከብቱ ያልቃል፣ ይባላል።

«ባሕላችን ከሆነ» አለች የኩንዳይ እናት፣ ወለሉን እያየች፣ «የሴት እጅ ያፈራው የሴቲቱ ነው።»

ቴቴ በሳቅ ቆቧ ተንጋደደ። «እሱ እኮ ለማሰሮ ነው! ለቅርጫት፣ ለዶሮ! የሙዝ ልጣጭ የእጅ ሀብት የሆነው መቼ ነው? አንቺ ልጅ ሰውም አይስማሽ! በይ ተነሺ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውዬው ሲመጣ በሩን ክፈቺለት፤ እኔ ከመዝሙሩ እስክመለስ ድረስ ያንን የጠወለገ ጎመንሽን ንቀይ።» ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

የኩንዳይ እናት ተነሳች። ሻዩን ለባሏ ሰጠችው፤ ስኳር ድንቹን ሰጠችው። ራሷ አልበላችም። ጓሮ ወጥታ ቆመች። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ መሬቱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ጎመኑ ላይ የጠዋት ጤዛ አለ። የጠወለገ አንድም አላየችም። አሰበች። ቴቴ ያለችውን አሰበች፤ በአባታችን ግቢ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የኛ ነው። እሺ። ግቢው ውስጥ ካልሆነስ?

መንገዱን ተሻግራ የፓናሼን እናት በር አንኳኳች። የፓናሼ እናት ባል የላትም፣ ጥርስ እንደልቧ የላትም፣ ቤቷ ግን በራሷ ስም ነው። ግቢዋ ከበር እስከ ግድግዳ ጠጠር ነው።

«ይሄ ግቢሽ ምንም አያበቅልም አይደል?» አለቻት።

«ድንጋይ ያበቅላል፤ ዘንድሮ አዝመራው ጥሩ ነው» አለች የፓናሼ እናት። ከዚያ ፊቷን አየችና ሳቋን አቆመች። ነገሩን ስትሰማ እንቁላል የምትቀቅልበትን ድስት ከምድጃ አወረደች። «አሥር ዓመት የላክሁት ቅርፊት አለበት እኮ! እኔም ባለድርሻ ነኝ! ዛሬ እንቁላሉ ይቅር፤ ደንበኞቼ ደረቅ ዳቦ ይብሉ። አካፋ አለኝ። ግን በየት ነው የምናወጣው? በጎን እኮ ጋሪ አያልፍም።»

«በቤት ውስጥ።»

የፓናሼ እናት አፏን ያዘች። «በዚያ ወለል ላይ?»

የኩንዳይ እናት ጋሪ ፍለጋ ወጣች።

ባለአንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ከመንገዱ መጨረሻ ካለው ግንበኛ ተዋሰች። መጀመሪያ ያወጣችው ገና በግማሽ የበሰበሰውን ክምር ነው፤ እሱ እርሾዋ ነው፣ እሱ ከጠፋ ሁሉን ከሀ መጀመር ነው። ትሎቹን ለብቻቸው በሳፋ አድርጋ እርጥብ ጨርቅ አለበሰቻቸው። ጋሪውን ሞልታ በወጥ ቤቱ በር አስገባችው፤ ኮሪደሩን አለፈች፤ ሳሎኑ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወለሉ አበራባት። ሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ያሸችው ነው፤ የጉልበቷን ጠባሳ ከዚያ ወለል ሌላ ማንም አልሠራውም። አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ ጎማውን ደፉን አሻገረችው። ጎማው በቀዩ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር አሰመረ፣ በሶፋዎቹ መሃል አለፈ፣ በፎቶው ሥር አለፈ፣ በረንዳው ላይ ወጣ። ናይሰን ከጫማው ቀና አለ። ጋሪውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከኋላዋ በር ውስጥ ያለውን መስመር አየ። ጋሪው በበረንዳው ደረጃ ሲንገጫገጭ ሳያስበው እጁ ሄዶ ጠርዙን ያዘ፣ አወረደው፣ ተመልሶም ተቀመጠ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተከራይዋ መጣች። ባሏ ዘበኛ የሆነ ቀጭን ሴት ናት፤ ቴቴን ስለምትፈራ ከምትናገር ብትሞት ትመርጣለች። ዝም ብላ ባልዲ ሞልታ በራሷ ተሸክማ ከኋላ ተከተለች። አምስተኛው ላይ የጥጉ ቤት ሴትዮ መጣች፤ «ሰባት ዓመት የሙዝ ልጣጭ አምጥቼልሽ የለ? ገና ዛሬ ነው ወዴት እንደሄደ ያየሁት» እያለች። መንገድ የሚያልፍ ሰው ቆመ። አንዱ፣ «ቀብር አለ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ የፓናሼ እናት ላቧን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «የለም፣ ከመቃብር እያወጣን ነው፤ ና አግዝ ወይ እለፍ» አለችው። ሰውዬው ሸሚዙን አውልቆ ገባ። በስድስት ሰዓት የአፈሩ ግማሽ ማዶ ነበር። የኩንዳይ እናት መዳፍ ተላጠ። የምትቆፍረውም እሷ፣ የምትገፋውም እሷ ናት፤ ጋሪውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች። ጎመኑን ከነሥሩ እየነቀለች በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችው።

ቴቴ ኦቲሊያ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ከበሩ ጀምሮ አፈር የያዙ ሴቶች ሲያልፉባት ሰላምታ ሰጧት፤ አንዷም መንገድ አልለቀቀችላትም፣ የያዙት ከባድ ነዋ። ሳሎን ስትገባ ጩኸቷ ማዶ ድረስ ተሰማ። «ወለሌን! የአባቴን ቤት! ናይሰን! ናይሰን!» ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። የኩንዳይ እናት የተሞላ ጋሪ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ምክንያቱን አየች፤ ቴቴ ትልቁን ወንበር ጎትታ ኮሪደሩና ሳሎኑ የሚገናኙበት በር ላይ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ቆቧን እንዳጠለቀች ተቀምጣለች።

«እለፊያ» አለች ቴቴ።

የኩንዳይ እናት አልገፋችም፣ አላስቀመጠችም። የጋሪውን እጀታ እንደያዘች ቆመች። «ያሳልፉኝ፣ ቴቴ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቆማ ስታናግራት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መንበርከክ ብትፈልግም ጋሪው አያስችልም። ከኋላዋ ሴቶቹ ባልዲና ሳፋ እንደተሸከሙ ተደረደሩ። ኮሪደሩ ጠባብና ጨለማ ነው፤ የሁሉም ትንፋሽ ይሰማል። የኩንዳይ እናት ክንድ ከክብደቱ የተነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጋሪው ጠርዝ ትንሽ አፈር እየተናደ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ቴቴ አፈሩን ታያለች።

ናይሰን በፊት ለፊት በር ገባ። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ በዚያ ወለል ላይ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚገባው፣ ዛሬም አልረሳም።

«እሰይ መጣህልኝ!» አለች ቴቴ። «በል ሚስትህን አንድ በላት! የዚህ ቤት ወንድ አንተ አይደለህ?»

ናይሰን የሚስቱን ክንድ አየ። ብዙ ጊዜ አየው፤ አይቶት የማያውቅ ይመስል። «እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ጋሪው ከብዷታል። ወይ ተነሺላት፣ ወይ እግርሽን ሰብስቢ።»

ከኋላ የፓናሼ እናት ሳቋን ልትውጥ ብላ በአፍንጫዋ ወጣባት። ቴቴ ተነሳች። የተነሳችው ወንድሟ ስላላት ነው፣ ወይስ ምራቷ በእርግጥ ልትገፋው መሆኗን ስላየች ነው፣ አይታወቅም። ወንበሩን ግን ራሷ አላነሳችም፤ ናይሰን ነው ያነሳው። ጋሪው አለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል መኪናው መጣ። ባለመኪናው ጎድኖውስ የሚባል፣ ሆዱ ከቀበቶው የወጣ፣ አካፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ያስከተለ ሰው ነው። ቴቴ ፊቷን ታጥባ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። ጓሮ ስትወስደው የኩንዳይ እናት የመጨረሻውን አፈር በመጥረጊያ እየሰበሰበች ነበር። የቀረው ጉድጓድ ነው፤ ቢጫ ድንጋይ የመሰለ መሬት፣ የጡብ ስብርባሪ፣ የዛገ ሽቦ።

«ይሄ ነው እንደ ኬክ የሚፈረፈረው?» አለ ጎድኖውስ። ጡቡን በጫማው መታው። «እማማ፣ ይሄን በነፃ ቢሰጡኝም ጥርሴን ይሰብረዋል።»

«አፈሩ ማዶ ነው» አለች ቴቴ። «እሷ ናት የወሰደችው፤ ሌብነት ነው። ሄደህ ጫን፤ የኛ ነው።»

«የማን ነው?» ብሎ ወደ ኩንዳይ እናት ዞረ። በስልክ የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ያኔም መልሱ ሆዱን አልሞላውም ነበር መሰለኝ።

የኩንዳይ እናት ቀና አለች። ወገቧ አልቃና ብሎ በእጇ ደገፈችው። «መሬቱ የአማቴ ነው» አለች። «ይኸው፣ አልነካሁትም፤ ሲሰጡኝ እንደነበረ ነው ያለው፣ ጡቡም አልጎደለም። አፈሩን ግን ማንም አልሰጠኝም። ከልጣጭ ነው የሠራሁት። አሥራ አራት ዓመት። የእጄ ነው።» መዳፎቿን ዘረጋችለት፤ ተልጠዋል፣ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ነው። አልደበቀቻቸውም።

ጎድኖውስ መዳፎቹን አየ። ከዚያ ቴቴን አየ። ቴቴ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ባሕል ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ቴቴ የቦርሳዋን ዘለበት ከፈተች፣ ዘጋች። ውሸት ነው ብትል የመንገዱ ሴቶች ሁሉ አጥሩ ላይ ናቸው። እውነት ነው ብትል አርባ ዶላሩ ሄደ። ዘለበቱን እንደገና ከፈተች።

«ሽጪልኝ ብልሽስ?» አለ ወደ ኩንዳይ እናት፣ ነጋዴ አይደል።

«አልሸጥም።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም» ብሎ አካፋ ለያዙት ሰዎች ምልክት ሰጠ። «አክስቴ የእናቷን ማሰሮ ሸጣ ምን እንደደረሰባት በዓይኔ አይቻለሁ። ሴት በእጇ ያፈራችውን በመኪናዬ አልጭንም። የነዳጄን ነገር ግን እማማ፣ እግዜር ይይልዎት።» መኪናው እየተንኳኳ ሄደ።

ፀሐይ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ጎመኑ በጆንያ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይጠወልጋል። የኩንዳይ እናት ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ተሻገረችና በፓናሼ እናት ግቢ፣ በጠጠሩ ላይ በተዘረጋው ጥቁር አፈር ውስጥ ተንበርክካ መትከል ጀመረች። አፈሩ ከመንገዱ ይታያል፤ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ ያየዋል። ትሎቹን በመሃል ለቀቀቻቸው፤ ተጠቅልለው የነበሩት ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የፓናሼ እናት ከጉድጓዷ ውሃ እየቀዳች ታመላልስላታለች። ናይሰን ማዶ በረንዳው ላይ ነው፤ ጫማ አይሰፋም፣ ጨርቅ ይዞ ወለሉን ሊያሽ ነው መሰል ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ሰሙ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ቴቴ ኦቲሊያ እስከ ራሷ ግቢ በር ድረስ መጥታ ቆመች። ነጩን ቆብ አውልቃዋለች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መጮህ አያስፈልጋትም ነበር፤ ልማድ ሆኖባት ጮኸች።

«የኩንዳይ እናት! የራት ጎመንስ?»

የኩንዳይ እናት የያዘችውን ችግኝ ሥሩን ዘርግታ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችው፤ አፈሩን ሰበሰበችለት።

«ይሻገሩና ይጠይቁኝ፣ ቴቴ» አለች ቀና ሳትል። «አልከለክልዎትም። በሩን ግን ያንኳኩ፤ የሰው ግቢ ነው።»

ችግኙን በሁለት አውራ ጣቶቿ ጠበቅ አደረገችውና ወደ ቀጣዩ አለፈች።